ሩቅ ጣቢያ የሚይዝና ድምፁ የጠራ ሬዲዮ እንዴት ይመረጣል?

ቴሌቪዥኑና ዘመናዊው ስልክ በየቤቱ ቢገባም፣ ለብዙ ወላጆቻችንና አረጋውያን ዜናውም ሆነ የጤና ምክሩ የሚደርሳቸው አሁንም በሬዲዮ ነው። ዕብራይስጥ ለማያነቡ እናትና አባት የሬካ የአማርኛ ስርጭት አገሩ ውስጥ ምን እየተደረገ እንዳለ የሚያውቁበት በር ነው። በጦርነት ጊዜ ደግሞ ነገሩ ከዜና ያልፋል። መብራት ሲጠፋና የስልክ መስመር ሲጨናነቅ፣ ምን ማድረግ እንዳለብን የሚነግረን በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ነው።

ይሁንና በየቤቱ የሚሰማው ቅሬታ ተመሳሳይ ነው። «ጣቢያው ይቆራረጣል»፣ «ሽሽ ይላል»፣ «በመሃል ሌላ ቋንቋ ይገባበታል» ይባላል። ሱቅ ሲሄዱ የሚሰጠው መልስም ያው ነው፤ «ይኼኛውን ይውሰዱ፣ ትልቅና ጠንካራ ነው፣ ሩቅ ይይዛል»። ትልቅነቱና ዋጋው ግን ስለ አቀባበሉ የሚነግሩን ነገር ጥቂት ነው። ከጡረታ ገንዘብ ላይ ተቀንሶ የሚገዛ ዕቃ በመሆኑ፣ ከመክፈል በፊት ምን ከምን ጋር እንደሚወዳደር ማወቅ ይጠቅማል።

ኤፍ ኤም ምን ያህል ርቀት ይሄዳል?

የኤፍ ኤም ስርጭት በእስራኤል፣ በአውሮፓና በኢትዮጵያ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ይተላለፋል። ይህ ሞገድ ከሞላ ጎደል እንደ ዓይን ነው፤ በቀጥታ የሚያየውን ያገኛል፣ ተራራ ወይም ትልቅ ሕንፃ ከፊቱ ሲቆም ይደክማል። ስለዚህ ማሠራጫው ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሲሆንና እርስዎም ከፍ ካለ ፎቅ ላይ ሲኖሩ አቀባበሉ ጥሩ ይሆናል። በሸለቆ ወይም በሕንፃ ጥላ ሥር ያለ ቤት ግን ማሠራጫው ቅርብ ሆኖም ሊቸገር ይችላል።

አንዳንድ ሻጭ «ይህ ሬዲዮ ኢትዮጵያንም ይይዛል» ሊል ይችላል። በኤፍ ኤም ይህ አይሆንም። ከኢየሩሳሌም እስከ ጎንደር ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የኤፍ ኤም ሞገድ ብዙ ጊዜ የሚዘልቀው እስከ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሮ በአገር ቤት ሌሊት ላይ የውጭ አገር ጣቢያ የምናዳምጠው በአጭር ሞገድ ነበር። አጭር ሞገድ ከምድር በላይ ካለው የአየር ንብርብር ላይ ነጥሮ ስለሚመለስ አገር አቋርጦ ይሄዳል። ሻጩ ስለ ሩቅ አገር ካወራ «ስለ ኤፍ ኤም ነው ወይስ ስለ አጭር ሞገድ?» ብለው ይጠይቁት።

አንድ ልዩ ሁኔታ ግን አለ። በበጋ ወራት በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ሞቃት አየር በቀዝቃዛው ላይ ሲተኛ ሞገዱ በባሕሩ ላይ እንደ ቦይ ውኃ ይፈሳል። በዚህ ጊዜ በባሕር ዳርቻ ከተሞች የሚኖሩ ሰዎች የቆጵሮስን ወይም የሌላ ጎረቤት አገር ጣቢያ ሊሰሙ ይችላሉ። ክረምቱን በደንብ ሲሰማ የነበረ ጣቢያ በበጋ ምሽት ሌላ ቋንቋ ከገባበት ሬዲዮው ላይበላሽ ይችላል። የአየሩ ሁኔታ ሲለወጥ ጣቢያው ይመለሳል።

ሬዲዮ ከመቀየር በፊት ቁጥሩን ይቀይሩ

አንድ ጣቢያ በመላው አገር በአንድ ቁጥር ብቻ አይሰራጭም። ለደቡብ አንድ፣ ለመሃል ሌላ፣ ለሰሜን ደግሞ ሌላ ቁጥር ይኖረዋል። ከቤር ሼቫ ወደ ሐዴራ የተዛወረ ሰው ሬዲዮውን በድሮው ቁጥር ላይ ትቶ «ተበላሸ» ሊል ይችላል። መጀመሪያ ከ87.5 እስከ 108 ድረስ ቀስ ብለው ያስሱ። ያው ጣቢያ በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ከተገኘ የጠራውን ይምረጡ።

ሁለተኛው ነጻ ፈተና የመኪና ሬዲዮ ነው። የመኪና ሬዲዮ ብዙውን ጊዜ ጥሩ መቀበያና ከውጭ የተተከለ አንቴና አለው። ልጅዎ ወይም ጎረቤትዎ መኪናውን ደጅ ሲያቆም ያንኑ ጣቢያ ይክፈትልዎት። መኪናው ውስጥ ጠርቶ እየተሰማ ቤት ውስጥ የሚቆራረጥ ከሆነ ሞገዱ ሰፈርዎ ደርሷል ማለት ነው፤ ችግሩ ያለው በቤቱ ግድግዳ፣ በአንቴናው ወይም በሬዲዮው ላይ ነው። መኪናው ውስጥም ካልጠራ ግን ውድ ሬዲዮ መግዛት ብቻውን አያድንም።

በወረቀቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች ምን ማለት ናቸው?

ሬዲዮን ከሬዲዮ የሚያወዳድሩ ባለሙያዎች በተለይ አራት ነገሮችን ይመለከታሉ።

የመጀመሪያው የመስማት ኃይሉ ነው። ይህ ሹክሹክታን የሚሰማ ጆሮ እንደማለት ነው። በማይክሮቮልት ከተጻፈ ቁጥሩ ያነሰው ይሻላል፤ 2 የተጻፈበት 5 ከተጻፈበት የበለጠ ደካማ ሞገድ ይይዛል።

ሁለተኛው የመለየት ችሎታው ነው። በሠርግ ቤት ሁሉም ሲያወራ አጠገብዎ የተቀመጠውን ሰው ድምፅ ብቻ ለይተው እንደሚሰሙት ያለ ነገር ነው። በዴሲቤል ይለካል፤ ቁጥሩ የበለጠው ይሻላል። እንደ እስራኤል ባለች ትንሽ አገር፣ ጣቢያዎች ተጠጋግተው በሚሰራጩበትና የጎረቤት አገሮችም ሞገድ በሚገባበት ቦታ፣ ከመስማት ኃይል ይልቅ ይህ ችሎታ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። የሚሰማ ግን የማይለይ ጆሮ ጫጫታውን ብቻ ነው የሚያመጣልን።

ሦስተኛው ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ቁጥር ላይ ሲጋጩ ጠንካራውን ብቻ ይዞ ደካማውን የመጣል ችሎታ ነው። ይህም በዴሲቤል ይለካል፤ እዚህ ላይ ግን ያነሰው ይሻላል። 1 ዴሲቤል ያለው 3 ዴሲቤል ካለው ይበልጣል።

አራተኛው የድምፁ ጥራት ነው፤ ማለትም ንግግሩ ከሽሽታው ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚያሳየው ቁጥር። በዴሲቤል የበለጠው ይሻላል። ጥሩ የቤት መቀበያ ከ70 ዴሲቤል በላይ ይሰጣል።

እዚህ ላይ አንድ ሚስጥር አለ። ሩቅ ጣቢያን ከጎረቤቱ ለመለየት ሬዲዮው የሚያሳልፍበትን በር ማጥበብ አለበት። በሩ ሲጠብ ደግሞ ከሙዚቃው ጥራት የተወሰነው ይቀራል። ስለዚህ ነው ጥሩ ጥሩ መቀበያዎች «ሰፊ» እና «ጠባብ» የሚል ማብሪያ የሚኖራቸው፤ ሰፊው ለቅርብ ጣቢያና ለሙዚቃ፣ ጠባቡ ለሩቅ ጣቢያና ለንግግር ነው። ዜና ለሚያዳምጥ አረጋዊ የመለየቱ ችሎታ ይቅደም፤ በሰፊ ሳሎን ሙዚቃ ለሚሰማ ሰው ግን የድምፁ ጥራት ይቅደም።

አምስቱ ዓይነቶች ሲወዳደሩ

ባለ መርፌ ትንሽ ሬዲዮ። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ በሁለት ትንንሽ ባትሪ ረጅም ጊዜ ይሠራል፣ አሠራሩ ቀላል ነው። በቅርብ ላለ ጠንካራ ጣቢያ በቂ ነው። ድክመቱ የተጠጋጉ ጣቢያዎችን አለመለየቱ ነው፤ እጅ ሲነካው ወይም ሲሞቅ መርፌው ካለበት ሊንሸራተትም ይችላል።

ባለ ቁጥር ዘመናዊ ተንቀሳቃሽ ሬዲዮ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሞገዱን በኮምፒዩተር ስሌት የሚለይ ትንሽ ቺፕ ያላቸው ሬዲዮዎች በዝተዋል፤ እንደ ቴክሰን ያሉ ድርጅቶች ይሠሯቸዋል። በመጠናቸው ትንሽ ሆነው በመለየት ችሎታቸው ድሮ ትልልቅ ከነበሩት ጋር የሚፎካከሩ አሉ። ጣቢያው በቁጥር ስለሚቀመጥ አይንሸራተትም። ድክመታቸው ቁልፎቻቸው ትንንሽና ብዙ መሆናቸው ነው፤ ዓይኑ ለደከመ ሰው ልጁ አስቀድሞ ጣቢያውን ሊያስቀምጥለት ይገባል።

የድሮ ትልቅ መቀበያ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እንደ ሳንሱይ፣ ኬንውድ፣ ፓዮኒርና ያማሃ ያሉ ድርጅቶች ሬዲዮ ብቻ የሚቀበል፣ ከማጉያና ከስፒከር ጋር የሚያያዝ ከባድ ሣጥን ይሠሩ ነበር። ለሩቅ አቀባበል ስሙ የገነነው የአሜሪካው ማኪንቶሽ ኤም አር 78 የወጣው በ1972 ነው። እነዚህ መቀበያዎች በደንብ ከተያዙ ድምፃቸው ዛሬም ያስደስታል። ነገር ግን አርባና ሃምሳ ዓመት የሞላው ዕቃ ውስጡ ይደርቃል፤ ልኬቱም ይዛባል። ማስተካከል የሚችል ባለሙያ ካልተገኘ ከገበያ ላይ አንስቶ መግዛት ዕድልን መሞከር ነው። በባትሪም አይሠራም።

ብሉቱዝ ስፒከር ከኤፍ ኤም ጋር። ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ሱቅ ውስጥ ያማልላል። ይሁንና ብዙዎቹ የሚዘረጋ አንቴና የላቸውም፤ የኃይል መሙያ ገመዱ ነው እንደ አንቴና የሚያገለግለው። ለሩቅ ጣቢያ ከሁሉም ደካማው ይህ ነው።

ሬዲዮ በኢንተርኔት። በስልክ መተግበሪያ የሚሰማው ድምፅ ሽሽታ የለውም፤ ርቀትም አያግደውም። የኢትዮጵያን ጣቢያ ለመስማትም መንገዱ ይህ ነው። ነገር ግን ኢንተርኔት ሲቋረጥ ወይም የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ ድምፁም ያልቃል። ስለዚህ የባትሪ ሬዲዮን የሚተካ ሳይሆን ከጎኑ የሚቆም ነው።

ዋጋ ብቻ እንደማይፈርድ ከሚያሳዩት አንዱ ሶኒ በ2008 ለአሜሪካ ገበያ ያወጣው ኤክስ ዲ አር ኤፍ 1 የሚባለው መቀበያ ነው። ትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን ነበር፤ ዋጋው ወደ 100 ዶላር ገደማ። ሩቅ ጣቢያ አሳዳጆች ከትልልቆቹና እጅግ ውድ ከሆኑት የድሮ መቀበያዎች ጎን አድርገው ሲፈትኑት ደካማ ጣቢያዎችን በመለየት ብዙዎቹን በለጠ። ድክመትም ነበረው፤ ሲሠራ በጣም ይሞቅ ነበር። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ክብደትና ጌጥ ስለ አቀባበል አይመሰክሩም።

ከአሜሪካ በስጦታ የመጣ ሬዲዮ

ዘመድ ከአሜሪካ ሬዲዮ ሲያመጣ ደስ ይላል፤ ሦስት ነገር ግን ይመልከቱ። አንደኛ፣ የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ሲሆን የእኛ 230 ቮልት ነው። ከጀርባው «120» ብቻ የተጻፈበትን በቀጥታ ቢሰኩት ይቃጠላል። ሁለተኛ፣ የአሜሪካ ጣቢያዎች መጨረሻቸው ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ አንዳንዱ ሬዲዮ ከ101.1 ወደ 101.3 ይዘላል፤ በመሃል ያለው 101.2 አይገኝም። በማስተካከያው ውስጥ «9 ኪሎ ኸርዝ» ወይም «አውሮፓ» የሚል ምርጫ ካለ ይሞክሩት። ሦስተኛ፣ የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት በአሜሪካና በአውሮፓ በተለያየ መንገድ ስለሚስተካከል የአሜሪካው ሬዲዮ እዚህ ድምፁ ትንሽ ሊደፈን ይችላል። ይህኛው ጉዳት የለውም። ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠራ ሬዲዮ ደግሞ የሚጀምረው ከ76 ሜጋ ኸርዝ ነው፤ ብዙዎቹ የቆዩት 90 ላይ ስለሚያበቁ አብዛኞቹን የእኛን ጣቢያዎች አይደርሱባቸውም።

ከሬዲዮው አንቴናው

በመሃከለኛ ሬዲዮ ላይ ጥሩ አንቴና ማድረግ በውድ ሬዲዮ ላይ መጥፎ አንቴና ከማድረግ ይሻላል። የኤፍ ኤም ሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ያህል ነው፤ የዚህ ሩብ 75 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንቴናው ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ወደዚህ የሚጠጋ ከሆነ ጥሩ ነው። አጭር አንቴና ያለው ሬዲዮ ከመጀመሪያው ተሸናፊ ነው።

አንቴናውን ዘርግተው ቀጥ አድርገው ያቁሙ፤ ካልጠራ ያጋድሙት፣ ቀስ እያሉም ያዙሩት። ሬዲዮውን ከማቀዝቀዣው፣ ከቴሌቪዥኑ፣ ከስልክ መሙያውና ርካሽ ከሆኑ የኤል ኢ ዲ አምፖሎች ያርቁ፤ እነዚህ ሁሉ ጩኸት ይጨምራሉ። ወደ መስኮት ያስጠጉት። አንድ ሜትር ማንቀሳቀስ ብቻ ትልቅ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል።

ከጀርባው የአንቴና ቀዳዳ ላለው ሬዲዮ የቲ ቅርጽ ያለው የገመድ አንቴና ይበቃል። ሁለቱ ክንዶቹ እያንዳንዳቸው 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆነው በግድግዳ ላይ ይዘረጋሉ። ከሁሉም በላይ የሚሰማው ከክንዶቹ ፊት ለፊት የሚመጣውን ነው፤ በክንዶቹ ጫፍ አቅጣጫ ያለውን ብዙም አይሰማም። ስለዚህ አንዱ ግድግዳ ላይ ካልሠራ በጎኑ ባለው ላይ ይሞከር።

አንዳንዴ ነገሩ ተገላቢጦሽ ይሆናል። ማሠራጫ አጠገብ በሚኖሩ ሰዎች ቤት ሞገዱ በዝቶ ሬዲዮውን ያደነዝዘዋል፤ አንድ ጣቢያ በብዙ ቦታ ይሰማል። እዚያ መድኃኒቱ አንቴናውን ማሳጠር ነው። «ሎካል» እና «ዲ ኤክስ» የሚል ማብሪያ ካለም ወደ ሎካል ያድርጉት።

በሌሊት የጥበቃ ሥራ ላይ በጆሮ ማዳመጫ ለሚያዳምጡ ሰዎችም አንድ ነገር እንጨምር። በብዙ የኪስ ሬዲዮዎች አንቴናው የማዳመጫው ገመድ ራሱ ነው። ጠቅልለው ኪስ ውስጥ ካስገቡት ጣቢያው ይጠፋል፤ ሲዘረጋ ይመለሳል።

ሽሽታውን የሚያጠፋው ማብሪያ

ስቴሪዮ የሚለው ቃል ሳጥኑ ላይ በትልቁ ይጻፋል። ነገር ግን ስቴሪዮ ስርጭት ያለ ሽሽታ እንዲሰማ ከሞኖ ይልቅ እጅግ ጠንካራ ሞገድ ይፈልጋል። ሩቅ ጣቢያ ሽሽ ካለ «ሞኖ» የሚለውን ይጫኑ። ብዙ ጊዜ ሽሽታው ወዲያው ይቀንሳል፤ ከንግግሩ የሚጎድል ነገር የለም። ሬዲዮ ሲመርጡ ሞኖ ማድረግ የሚቻልበትን ይፈልጉ። አንድ ስፒከር ብቻ ያለው ሬዲዮ ከስፒከሩ የሚያሰማው ሞኖ ነው።

በማማድ ውስጥ ይሰማል?

ይህ ከሁሉም የሚበልጥ ጥያቄ ነው። የውስጥ ግንባር ዕዝ (ፒኩድ ሀኦሬፍ) በመጠለያ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ እንዲኖር ይመክራል። ነገር ግን ማማድ በብረት የተጠናከረ ወፍራም ኮንክሪት ነው፤ በሩና የመስኮቱ መዝጊያም ብረት ነው። ቦምብ እንዲያግድ የተሠራው ግድግዳ ሞገዱንም ያግዳል። ሳሎን ውስጥ ጠርቶ የሚሰማ ሬዲዮ እዚያ ሲገባ ዝም ሊል ይችላል።

ስለዚህ በሰላሙ ቀን ይሞክሩት። ሬዲዮውን ይዘው ይግቡ፣ በሩንና የብረት መስኮቱን ይዝጉ፣ ከዚያ ከክፍሉ የትኛው ጥግ እንደሚሻል ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ የሚሻለው በመስኮቱ ወይም በበሩ አካባቢ ያለው ቦታ ነው፤ ነገር ግን በማንቂያ ጊዜ እርስዎ ራስዎ ከመስኮቱና ከበሩ ራቅ ብለው ይቀመጡ። ጠንካራ የሆነውን የጣቢያውን ቁጥር በትልቅ ጽሑፍ ጽፈው ሬዲዮው ላይ ይለጥፉ። አንቴና ለማስገባት ብለው ግን የማማዱን ግድግዳ አይብሱ፤ ጥበቃው ይጎዳል።

ሰንበት ለሚያከብሩ ቤተሰቦች በጦርነት ጊዜ «ጋል ሻኬት» የተባለ ጸጥተኛ ስርጭት ይከፈታል፤ ማስጠንቀቂያ ሲኖር ብቻ ነው የሚናገረው። ሬዲዮው ከዓርብ ጀምሮ ተከፍቶ ስለሚቆይ ባትሪው ያን ያህል ሰዓት መቻሉን አስቀድሞ መሞከር ያስፈልጋል። ራሱን በራሱ የሚያጠፋ ሬዲዮ ከሆነም ያ ነገር እንዲቋረጥ ይደረግ። ለረጅም ጊዜ ከማይጠቀሙበት ሬዲዮ ውስጥ ባትሪውን ያውጡ፤ ፈሳሹ ወጥቶ ዕቃውን ይበላዋል።

ሱቅ ውስጥ ምን ይደረግ?

ሻጩ ባትሪ ከቶ እንዲከፍትልዎት ይጠይቁ። የሚያዳምጡትን ጣቢያ ይፈልጉ እንጂ ሻጩ የመረጠውን ጠንካራ ጣቢያ ብቻ አይስሙ። ከዚያ ደካማ የሆነ ሌላ ጣቢያ ይፈልጉ፤ ሁለት ሬዲዮዎችን በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጣቢያ፣ በተመሳሳይ የድምፅ መጠን ያወዳድሩ። ድምፁን ከፍ ሲያደርጉ ንግግሩ ይሰነጠቃል? ቁጥሩ ያለ መነጽር ይታያል? ቁልፉ ለጣትዎ ይመቻል? የባትሪው ዓይነት በሰፈርዎ ሱቅ ይገኛል?

ደረሰኙን (ካባላ) ይቀበሉና ያስቀምጡ። በ2010 በወጣው የግብይት ስረዛ ደንብ መሠረት ከ50 ሸቀል በላይ የሆነ ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ተመልሶ ገንዘቡ ሊጠየቅበት ይችላል፤ ነጋዴው የዋጋውን 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል፣ ከሁለቱ ያነሰውን፣ ሊቀንስ ይችላል። የኤሌክትሪክ ዕቃ ግን ከመብራት ጋር ከተገናኘ በኋላ ይህ መብት አይሠራም። ለዚህ ነው ከመክፈል በፊት መሞከር የሚያስፈልገው። «ቤቴ ውስጥ ካልያዘልኝ እመልሳለሁ» ብለው ከተስማሙ በደረሰኙ ላይ ያስጽፉት። በስልክ ተነጋግረው ከርቀት የገዙ ከሆነ ደግሞ ዕድሜያቸው 65 የሞላ፣ አገር ከገቡ 5 ዓመት ያልሞላቸው አዲስ ገቢዎችና አካል ጉዳተኞች ግዢውን ለመሰረዝ እስከ 4 ወር ጊዜ አላቸው።

ባጭሩ

ለብቻቸው ለሚኖሩ አረጋዊ፣ ረጅም አንቴና ያለው፣ በባትሪም በመብራትም የሚሠራ፣ ቁልፉ ትልቅ የሆነ ቀላል ሬዲዮ ይበቃል። ጣቢያ በሚደራረብበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ባለ ቁጥሩ ዘመናዊ ሬዲዮ ገንዘቡን ያወጣል። ሙዚቃ ወዳድ ለሆነና የሚጠግንለት ላገኘ ሰው የድሮው ትልቅ መቀበያ ከግድግዳ አንቴና ጋር ደስታ ነው። ለማማድ ግን ከእነዚህ የትኛውም ይሁን፣ በሩ ተዘግቶ የተፈተነው ብቻ ነው የሚታመነው።

ልጆችም አንድ ሥራ አለባችሁ። ሬዲዮውን ገዝታችሁ ከማስረከብ በፊት ጣቢያውን አስቀምጡላቸው፣ ሞኖውን ክፈቱላቸው፣ ጥሩውን ቦታ ፈልጉላቸው። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ለእናትና ለአባት ግን ከሬዲዮው ዋጋ ይበልጣል።